መልሰሽ ደርድሪ

እናቴ ደሴ ሙጋድ አካባቢ ክር፣ ቁልፍና መርፌ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ከሱቋ አጠገብ ባለው በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ይሠሩ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚጠራቸው «ጋሼ» እያለ ነው። ከስፌት መኪናቸው በስተቀኝ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ አንድ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ዘወትር ተዘርግቶ ይውላል። ስልሳ አራት ቤት በቢላ ተሠምሮበታል፤ ጥቁር መሆን ያለባቸው ቤቶች ከሰል ተቀብተዋል። ጠጠሮቹ ቆርኪዎች ናቸው፤ የአምቦ ውሃ፣ የቢራ፣ የኮካ። አሥራ ሁለቱ ጥርሳቸውን ወደ ታች፣ አሥራ ሁለቱ ጥርሳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይሰለፋሉ። የዳማ ገበታ ነው።

ቀን ቀን በዙሪያው ሹፌሮች፣ ተሸካሚዎችና ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ይኮለኮላሉ። ጩኸቱ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ከተመልካቾቹ ይበዛል። ክረምት ሲገባ ግን ጦሳ ተራራ ላይ ያደረው ጉም ወደ ከተማው ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ደሴ ትጨልማለች፤ ተጫዋቹም ወደየቤቱ ይሰበሰባል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ጋሼ ከሱቃችን ደፍ ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ «አንቺዬ፣ ነይ እስኪ ተቀመጪ» አሉኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። ወንዶቹ ከሴት ልጅ ጋር ስለማይጫወቱ፣ በዚያ ሳጥን ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአጭር ጊዜ ውስጥ ቆርኪዎቼን ለቅመው ጨረሱ። እንደ ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ብዬ ገበታውን ጠረግሁና አዲስ ጨዋታ ልሰልፍ ስል መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ።

«መጀመሪያ መልሰሽ ደርድሪ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሕጋቸው ይህ ነበር፤ የተሸነፈ ሰው ጨዋታው ወደተበላሸበት ቦታ ቆርኪዎቹን መልሶ ሳይደረድር ሌላ ጨዋታ አይጀመርም። እኔ የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ አሳየኋቸው። ሁለት ቆርኪ በአንድ ጊዜ የተበላሁባትን። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተበላሽው እዚህ አይደለም። እዚህ የታየው ነው።» ከዚያ በጣታቸው አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሱት። ስድስት እንቅስቃሴ ወደ ኋላ። በእኛ ሰፈር ሕግ መብላት ግዴታ ነው፤ የቀረበልሽን መተው አይቻልም። እሳቸው አንዲት ቆርኪ ሆን ብለው ሰጥተውኝ፣ እኔም በደስታ በልቼ፣ የኋላ ረድፌን የከፈትኩት ያኔ ነበር። የሽንፈቴ ሥር ያለው ትርፍ አገኘሁ ብዬ በፈነጠዝኩበት ቤት ውስጥ ነበር ማለት ነው።

«ተበላሽ» እና «ተበላሸ» በአንዲት ፊደል ብቻ እንደሚለያዩ ያስተዋልኩት በዚያ ክረምት ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በአንዳንድ ቋንቋ ቁልፍ መጣልም፣ በጨዋታ መበለጥም፣ ወላጅን በሞት ማጣትም በአንድ ቃል ይነገራል። የእኛ ቋንቋ እንዲህ አያደባልቅም። ቡድን ተሸነፈ እንላለን፤ ነጋዴ ከሰረ፤ ተማሪ ወደቀ፤ ተሟጋች ተረታ፤ እናት ልጇን አጣች። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ «ለእውነት ተሸነፈ» የሚለው አነጋገር ነው። ስለ አንድ ሰው እንዲህ ሲባል ወቀሳ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ክርክሩን ሊቀጥል ይችል የነበረ ሰው፣ ፊቱን ሳያጠቁር፣ «አንተ ነህ ልክ» ብሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ጋሼ በዚያ ሰሌዳ ሊያስተምሩኝ የሞከሩት ለእሳቸው መሸነፍን አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ሰሌዳው ለሚያሳየው ነገር መሸነፍን ነበር።

ሲከፋኝ «አብሽሪ» ይሉኝ ነበር። የወሎ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። «አይዞሽ» ማለት ነው፤ ግን ውስጡ «መልካም ነገር ይመጣል» የሚል ተስፋ አለበት። «አብሽሪ» ብለው ግን ደረደራውን አይተውልኝም። አጽናንተው ያስደረድሩኛል። ብዙ አስተማሪዎች፣ ብዙ ወላጆችም፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ወይ ያጽናናሉ፣ ወይ ስህተትን ይነግራሉ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚያደርግ ሰው በሕይወቴ ብዙ አላጋጠመኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፍኳቸው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። አንዷ ቆርኪዬ መጨረሻው ረድፍ ደርሳ ነገሠች፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልነበረም። ሮጬ ወደ እናቴ ሄድኩ። እናቴ ክር እየጠቀለለች ሳቀች። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ። በማግስቱ ስመጣ ገበታው ባዶ ነበር። ጋሼ የሱሪ እግር እያጠፉ፣ ቀና ሳይሉ «መልሰሽ ደርድሪ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያሸነፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። መልሰሽ ደርድሪ።»

ከሽንፈት ይልቅ ድልን መልሶ መደርደር እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የተሸነፍኩበትን ጨዋታ እያንዳንዷን ቆርኪ አስታውሳለሁ፤ ቁጭቱ ይዞልኛል። ያሸነፍኩበትን ግን መጨረሻውን እንጂ መንገዱን አላስታውስም። ደስታው ጠርጎት ሄዷል። እንደምንም ብዬ ስደረድር፣ መሐል ላይ ጋሼ ጣታቸውን አንድ ቤት ላይ አኖሩ። እዚያ ቦታ ላይ ሦስት ቆርኪ ሊበሉኝ የሚችሉበት መንገድ ለእሳቸው ክፍት ነበር። አላዩትም። እኔም አደጋውን አላየሁትም ነበር። «እኔ ስላላየሁ ነው ያሸነፍሽው» አሉኝ። «ነገ የሚያይ ሰው ያጋጥምሻል።»

አለቀስኩ። ያኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ ድል ጋር የራሳቸውንም ስህተት በልጅ ፊት ገልጠው ማሳየታቸው ነው የሚታየኝ። በዚያ ዕድሜ ያለ የተከበረ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ስንት ጊዜ እናያለን?

ጋሼ ወሬ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። አንድ ታሪክ ግን ይደጋግሙ ነበር፤ የማሞ ወልዴን። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሜክሲኮ ከተማ ላይ በተካሄደው ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ በታመመ እግሩ ማራቶኑን ጀምሮ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ፣ ማሞ ሩጫውን ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ጋሼ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፤ ወሬውን በሰው ሬዲዮ ነው የሰሙት። ሌላው ሰው ወርቁን ሲያወራ እሳቸው የሚያወሩት ከወርቁ በፊት ያለውን ነበር። ማሞ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ 800 እና 1,500 ሜትር ሮጦ ማጣሪያውን አላለፈም። ወደ ሮም ኦሊምፒክ አልሄደም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋረጠ። እዚያው ሜክሲኮ ላይ፣ ከማራቶኑ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ በ10,000 ሜትር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተቀድሞ ብር አገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ወርቁ የመጣው። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ደግሞ አርባ ዓመት ሞልቶት በማራቶን ነሐስ አመጣ።

«ከ800 ሜትር ተነስቶ ማራቶን ደረሰ» ይሉ ነበር ጋሼ። «እግሩ የሚናገረውን ሰምቶ ርቀቱን ቀየረ እንጂ ሩጫውን አልተወም።» ማሞ በራሱ ልብ ውስጥ ምን እንዳሰበ እኔ ልናገር አልችልም። ጋሼ ግን ከዚያ ታሪክ የወሰዱት ይህን ነበር፤ ለእኔም የሰጡኝ ይህንኑ ነው።

በትምህርት ቤት የሚሆነው ሌላ ነበር። ካርድ ላይ ደረጃ ይጻፋል። ሁለተኛ ወጥቼ ስመጣ የሚጠብቀኝ ጥያቄ «አንደኛ ማን ወጣ?» የሚል ነው። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ሱቅ የሚመጣው ደንበኛም። «የትኛውን ጥያቄ ነው የሳትሽው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ልጅ የቀደመውን ሰው ስም ይዞ ያድጋል፤ የሳተውን ነገር ግን አያውቀውም። በዚህ ላይ አሁንም እልህ ይይዘኛል።

የወንድሜ ልጅ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት አንዱ ነው። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱን ያየ ዕለት ክፍሉን ዘግቶ ተኛ፤ ሦስት ቀን ከሰው አልተነጋገረም። ዘመድ ሁሉ እየመጣ «ከውድቀት ተማር» ይለዋል። እኔ ግን እንዲህ ማለት አልቻልኩም። ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባት ያህሉ አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ፣ መልሶ መደረደር ያለበት የአንዱ ልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰሌዳውን ያሰናዱት ትልልቆቹ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን መንገድ፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሊመልሱት ይገባል። ለልጁ ግን አንድ ነገር አደረግሁለት። አጠገቡ ተቀመጥኩና «የትኛው ክፍል ላይ ነው መጽሐፉ መጀመሪያ የከበደህ?» አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ» አለኝ። አምስት ዓመት ወደ ኋላ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ እሱ ነውና።

አካውንቲንግ ተምሬ ጥቂት ዓመት ተቀጥሬ ከሠራሁ በኋላ ከወንድሜ ጋር ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ከፈትን። እሱ ብየዳውን ይመራል፤ እኔ ሒሳቡንና ጨረታውን። ለትምህርት ቤቶች ኮምባይንድ ዴስክ፣ ለመሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛና መደርደሪያ እንሠራለን። ጨረታ የሚያውቅ ሰው ያንን ስሜት ያውቀዋል። ሰነድ መግዛት፣ ለማስከበሪያ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ትእዛዝ፣ ማሠራት፣ ዋጋ ሞልቶ ፖስታውን በሰም ማሸግ፣ ሣጥን ውስጥ መክተት። ከዚያ በሰዓቱ ተሰብስቦ የየሰውን ዋጋ ሲነበብ መስማት።

ሦስት ጨረታ በተከታታይ አሸነፍን። አራተኛው ትልቁ ነበር፤ 240 ዴስክ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሲከፈት ሰባት ተጫራቾች ነበርን። ዋጋው አንድ በአንድ ተነበበ። የእኛ ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ጉርምርምታ ተሰማ። ከሁለተኛው በ18 በመቶ እናንሳለን። ወንድሜ እጄን ጨበጠ። እኔም ደስ አለኝ። ያንን ጉርምርምታ የሰማሁት የቅናት አድርጌ ነው።

ውሉን ፈረምን፤ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና አስያዝን። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት ከ70 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የዴስኩ እግር የሚሠራበት የብረት ቱቦ፣ ቱቦላሬውም፣ ላሜራውም፣ የብየዳው ኤሌክትሮድም ዋጋቸው ተነሣ። ዴስኮቹን ሠርተን አስረከብን፤ ቃል ቃል ነውና። ግን ከኪሳችን ጨምረን ነው ያስረከብነው። የወንድሜን ሞተር ብስክሌት ሸጥን። ሁለት ሠራተኞቻችንን አሰናበትን፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። አንደኛው ገና ልጅ ወልዶ ነበር።

ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ዶላሩ ነው።» ማንም አልተከራከረኝም። በእርግጥም ዶላሩ ነበር። ስንቱ ነጋዴ በዚያ ሰሞን ተጎድቷል። ወራት ሙሉ ይህንን መልስ ይዤ ተኛሁ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የድሮውን የዋጋ ሰንጠረዥ አወጣሁ። «የተበላሽው እዚህ አይደለም፤ እዚህ የታየው ነው» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። የብረቱን ዋጋ ምንዛሪው ከመቀየሩ በፊት በነበረው መልሼ፣ ዶላሩ ባይነሳ ኖሮ ስንት እናተርፍ ነበር ብዬ ከመጀመሪያው ሠራሁት። ትርፍ አልነበረውም። ኪሳራው ያነሰ ይሆን ነበር እንጂ ያው ኪሳራ ነው።

ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ቀላል ስህተት ነው፤ ዝርዝሩን እነግራችኋለሁ። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ነው። እኔ ለአንድ ዴስክ የሚያስፈልገውን ብረት በሜትር ደምሬ፣ ለስድስት አካፍዬ፣ ይህን ያህል ዘንግ ይበቃል ብዬ ነበር። ወረቀት ላይ ልክ ነው። መጋዙ ላይ ግን 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ቁራጭ ከአንድ ዘንግ ሦስት ብቻ ይወጣል፤ 90 ሳንቲሜትር ይተርፋል። ከዘንጉ 15 በመቶ ማለት ነው። ከትርፍራፊው ጥቂቱን ለማጠናከሪያ እንጠቀምበታለን፤ የቀረው ግቢው ጥግ ይከመራል። ያንን ክምር በየቀኑ እያለፍኩት ገብቼ ወጥቻለሁ። ወንድሜም አንድ ቀን «ይኼ ብረት እየበዛ ነው» ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። የማጓጓዣውንም ሒሳብ ልክ እንደ ኮምቦልቻ ሜዳ አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ዴስኮቹ የሚሄዱት ግን የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ ደሴን አልፈው፣ ደጋ ላይ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ነበር።

ከዚያ ያሸነፍናቸውን ሦስት ጨረታዎች አወጣሁ። ያው ስህተት በሦስቱም ውስጥ ነበር። ያልታየው ብረቱን ቀደም ብለን በርካሽ ገዝተን ስለነበር ነው። ስህተቱ ሦስት ጊዜ ከእኛ ጋር አብሮ አሸንፏል። ሦስት ጊዜ ጨብጠነዋል። እኔም ሦስት ጊዜ ተመስገን ብዬ ሰነዱን ወደ መሳቢያ መልሻለሁ፤ አንዱንም መልሼ አልደረደርኩም።

በኋላ ነገሩን ሳነብ ችግሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 አትላንቲክ ሪችፊልድ በተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ የሚሠሩ ሦስት መሐንዲሶች፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ቦታ ተጫርተው ያሸነፉ ኩባንያዎች ለምን ያሰቡትን ያህል እንዳላተረፉ ጽፈው ነበር። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። አንድ ቦታ ውስጥ ስንት ነዳጅ እንዳለ እርግጠኛ የሆነ የለም፤ ሁሉም ይገምታል። አንዱ አሳንሶ፣ አንዱ አብዝቶ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ከሁሉም ይልቅ አብዝቶ የገመተው ነው። «የአሸናፊው እርግማን» የተባለው ይህ ነው። የእኛ ጨረታ የዚያ ግልባጭ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል። ስለዚህ ወጪውን ከሁሉም በላይ አሳንሶ ያየው ሰው ነው እጁን የሚጨበጠው። ተጫራቹ በበዛ ቁጥር ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ከሰባት ሰው መካከል ዝቅተኛው ከሦስት ሰው መካከል ካለው ዝቅተኛ ይልቅ የተሳሳተ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ያ ጉርምርምታ ቅናት አልነበረም። ስድስት ሰዎች፣ ብዙዎቹ በሥራው ከእኔ ዕድሜ የሚቀድሙ፣ የእኔን ስህተት በጆሯቸው ሰምተው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ጨረታ ስናሸንፍ ደስታችንን አንደብቅም፤ ቡና ይፈላል። በማግስቱ ግን ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን ከሁለተኛው ተጫራች ለምን እንዳነስን እንጠያየቃለን። ምክንያቱን በብረትና በብር ማሳየት ካልቻልን ያስፈራናል። የተሸነፍንባቸውንም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት ዋጋችን ከአሸናፊው በብዙ በልጦ ከተሸነፍንባቸው ጨረታዎች ሁለቱ ላይ አሸናፊዎቹ ሥራውን አላጠናቀቁትም። ያ ደስ አላሰኘኝም፤ ሞተር ብስክሌቱን አስታወሰኝ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር እየከበደኝ ነው፤ ካልጻፍኩት ደግሞ ሐቀኛ አልሆንም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ብዙ ሰው ሸሸ፤ እኛም ሸሸን። ኅዳር አልፎ ስንመለስ የእናቴ ሱቅ መደርደሪያው ሳይቀር ባዶ ነበር። የጋሼ የስፌት መኪና የለም። ደንበኞች ያመጡላቸው ጨርቅ የለም። የኮምፔንሳቶው ገበታ ግን እዚያው ወድቆ ነበር፤ ማንም አልፈለገውም። ከዚያ የከፋ ያጡ ሰዎች ነበሩ፤ እዚህ ላይ አልዘረዝረውም።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት፣ ልቡ ቅን ነው፣ ጋሼን ሊያጽናና ፈልጎ «ሁሉም ነገር ትምህርት ነው፤ ይህም ያጠነክረናል» አላቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይህ ጨዋታ አልነበረም» አሉት። «የተሳሳትኩበት ቤት የለም። መልሼ የምደረድረው የለኝም።»

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። በዚያች ቅጽበት ዕድሜዬን ሙሉ አንድ አድርጌ የያዝኳቸው ሁለት ነገሮች ተለያዩ። መሸነፍና ማጣት። አማርኛችን አስቀድሞ ለይቷቸው ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያላስተዋልኩት። በጨዋታ፣ በፈተና፣ በጨረታ የተሸነፈ ሰው የራሱ እጅ ያለበት ነገር አለ፤ ስለዚህ የሚመለስበት ቤት ያገኛል። ያጣ ሰው ግን ትምህርት አይጠየቅም። አጠገቡ ይቀመጡለታል። ለጋሼ የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አዋጥቶ ያገለገለ የስፌት መኪና ገዛላቸው። ማንም ንግግር አላደረገም። መኪናውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ዘይት ቀቡት።

ሰው በደረሰበት መከራ ላይ «ምን ተማርክበት?» የሚል ጥያቄ ስሰማ አሁንም ያመኛል። መማር የሚፈልግ በራሱ ጊዜ ይማራል። ያልተማረም ዕዳ የለበትም።

ባለፈው ጥር ወደ ደሴ ወጥቼ ነበር። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ግን ሐረጎን ሲወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ይመስላል። ጋሼ በረንዳው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል፤ ስፌቱን ትተውታል። መኪናው ላይ የሚሠራው የልጃቸው ልጅ ነው። ገበታው ግን ከቦታው አልተነሳም። ከሰሉ ለቆ ብዙ ቤት ነጥቷል፤ ለእሳቸው ልዩነት የለውም። ጣታቸውን በቆርኪዎቹ ላይ ያሳልፋሉ፤ ለስላሳው የእሳቸው ነው፣ ጥርስ ያለው የእኔ። እንደዚያ እየዳሰሱ ይጫወታሉ።

የዴስኩን ነገር ነገርኳቸው። የዘንጉን፣ የቁራጩን፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ብረት። ሰምተው «ሦስት ጊዜ?» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ» አልኳቸው። ፈገግ አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ያን ቀን አሸነፍኳቸው። በረንዳው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጉሙም ከጦሳ እየወረደ ነበር። እጄን ወደ ገበታው ስዘረጋ መዳፋቸው ቀድሞ ሰሌዳው ላይ አርፏል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላረፈም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና ጠበቁ። አንዷን ጥርስ ያላት ቆርኪ አንስቼ ወደ ኋላ መለስኩ። ከዚያ ሁለተኛዋን። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ ጣታቸውን ዘርግተው ቤቶቹን ዳሰሱ።

«አንድ ጨምሪ» አሉኝ።